ልጆቻችን በክረምት ንባብ እንዳይረሱ

የተማሪ ቤት ደወል በሰኔ መጨረሻ ዝም ሲል ልጆች ደስ ይላቸዋል፤ አስተማሪዎችም ያርፋሉ፤ ይህም የተገባ ነው። ዓመቱን ሙሉ የደከመ ሰው፥ ትልቅም ቢሆን ትንሽም ቢሆን፥ ዕረፍት ያስፈልገዋልና በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን 5 ቀን ብንቈጥረው 65 ቀን ይሆናል፤ በዘመነ ሉቃስም አንድ ቀን ይጨመርበታል። ከዚያም በኋላ የዕንቍጣጣሽና የመስቀል በዓል ይመጣል፤ መጽሐፍ እስኪታደልና ትምህርቱ መልክ እስኪይዝ ድረስ የመስከረም ወር እኩሌታ ያልፋል። እንግዲህ ፊደል ለይቶ ቃልን ከቃል ማያያዝ ገና የጀመረ የስምንት ዓመት ልጅ 80 ቀን ያህል መጽሐፍ በእጁ ሳይዝ ቢከርም ምን ይሆናል? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማሳሰብ የወደድነው ይህንን ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር አስቀድመው አስተውለውታል። በቄስ ተማሪ ቤት የገባ ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግዕዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ዓይኑንና አንደበቱን ያስለምዳል። ዳዊት ከደረሰም በኋላ ዕለት ዕለት ይደግመዋል እንጂ «ጨርሻለሁ» ብሎ በሰቀላ ላይ አያኖረውም። ምክንያቱም ንባብ አንድ ጊዜ ከተያዘ ለዘላለም የሚኖር ዕቃ አይደለም፤ እንደ እርሻ መሬት ነው እንጂ። መሬት ጦም ካደረ ዳዋ እንደሚወርሰው፥ ያልተደገመ ንባብም እንዲሁ ይሆናል። አዋቂ ሰው የተማረውን ቢያቈየው ቶሎ ይመለስለታል፤ ሥሩ ያልጠለቀ የሕፃን ንባብ ግን ፈጥኖ ይደርቃል።

በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንትም ይህን ነገር በመዝገብ ይዘው መርምረውታል። በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ባርባራ ሄይንስ የተባለች የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የልጆችን ዕውቀት ተማሪ ቤት ሲዘጋና ሲከፈት እየመዘነች ያገኘችውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በመጽሐፍ አሳተመች። ያገኘችውም፥ በዕረፍቱ ወራት ቢያንስ ስድስት መጻሕፍት ያነበቡ ልጆች ካላነበቡት ይልቅ በትምህርታቸው ገፍተው መገኘታቸውን፥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ለቤታቸው በቀረበ መጠን ንባባቸው መብዛቱን ነው። በአህጉራችንም በማላዊ በትንንሽ ክፍል ባሉ ልጆች ላይ የተደረገና በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣ ጥናት፥ ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ያነቡት የነበረውን በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከፊሉን አጥተውት መገኘታቸውን አስረድቷል። የሚጠፋው ምን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ቀድሞ ከተባለው ያነሰ ነው የሚሉም አሉ። ሆኖም መጽሐፍ ይዞ የከረመ ልጅ ባዶ እጁን ከከረመው ልጅ እንደሚሻል የካደ አላየንም። ጥፋቱ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነውና በአንድ ቀን አይታይም፤ ልጁ ይጫወታል፥ ያድጋል፥ ወላጆቹም ደስ ይላቸዋል፤ በመስከረም መጽሐፍ ሲከፈትለት ግን ባለፈው ሰኔ ሲሮጥበት የነበረውን ገጽ በጣቱ እየተከተለ ይንተባተብበታል።

ለኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34 ያህሉ ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ ተገልጿል። ከዚያም ወዲህ ብዙ መጻሕፍት ታትመዋል፥ አስተማሪዎችም ሠልጥነዋል፤ ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በቈዩ ጊዜ፥ ደጃፉ የተዘጋ ተማሪ ቤት ለሕፃናት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም በየቤታችን አየን። ያ ረጅም መዘጋት አንድ ጊዜ መጥቶ አለፈ፤ አጭሩ መዘጋት ግን በየዓመቱ ከዝናሙ ጋራ ይመጣል።

የሚያሳዝነውም፥ ክረምቱ ለሁሉ ልጅ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በቦሌ ወይም በገርጂ ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያድጉ ሁለት ልጆችን እናስብ። አንዱ የባለቤቱ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው በጓሮው ሰርቪስ ቤት የሚኖረው የዘበኛው ልጅ ነው። በሰኔ ሁለቱም ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ፤ ሁለቱም ያነባሉ። በክረምቱ የባለቤቱ ልጅ ገንዘብ ተከፍሎለት የክረምት ትምህርት ይገባል፤ በቤቱም መደርደሪያ አለ፤ ማታ እናቱ ታሪክ ታነብለታለች። የዘበኛው ልጅ ዝናም ሲያባራ በረንዳ ላይ ይጫወታል፤ ሲብስም የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ይወጣል፤ በቤቱ የተገኘው ጽሑፍ በስኳር መጠቅለያ ላይ ያለው ብቻ ነው። በመስከረም ሁለቱ ልጆች ሲመዘኑ ልዩነት ቢገኝ «ይህ ጎበዝ፥ ያ ሰነፍ» እንላለን። የተለያዩት ግን በአእምሮ ሳይሆን በመደርደሪያ ነው። ተማሪ ቤት ክፍት በሆነበት ወራት ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይጠጡ ነበር፤ ምንጩ ሲዘጋ በቤቱ እንስራ ያለው ብቻ ጠጣ።

እንግዲህ በቤቱ መደርደሪያ ለሌለው ልጅ መደርደሪያ የሚሆነው ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህ ረገድ አገራችን ባዶዋን አይደለችም። ወመዘክር ተብሎ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተመሠረተ። በአራት ኪሎ የተሠራው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ፤ ከመንግሥት ሥራዎችም የሚመሰገን ነው። በከተማው ምሥራቅ በኩል ደግሞ ሊረሳ የማይገባ ታሪክ አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ፈልገው ስላጡ ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በሾላ ሰፈር ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ የሰፈሩም ልጆች ያለ ክፍያ እየገቡ ያነቡ ነበር። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጐተት ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ። ስለዚህም ሥራቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የዜና ድርጅት ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ከዚህ ሥራ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕፃን ወደ መጽሐፍ እስኪመጣ አይጠበቅም፥ መጽሐፍ ወደ ሕፃን ይሄዳል እንጂ።

ታላቁ ቤተ መጻሕፍት ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ከአያት፥ ከየካ አባዶ ወይም ከቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አራት ኪሎ ድረስ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሐምሌ ዝናም እየዘነበ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን መንገድ ብቻውን አይሄድም፤ እናቱም ሥራዋን ትታ በየቀኑ አትወስደውም፤ የታክሲው ዋጋም አለ። ቦሌ፥ የካ፥ እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ከእነርሱ ተከፍሎ የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ የገባባቸው ሰፈሮች ናቸው። ቤቱ ከመጽሐፉ ቀድሞ ደርሷል። ታዲያ ለነዚህ ልጆች በእግር የሚደረስበት መጽሐፍ የት ይገኛል?

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በተማሪ ቤታቸው ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቹ ተማሪ ቤቶች አንድ የመጻሕፍት ክፍል አላቸው፤ መጻሕፍቱም ለልጆቹ ክፍል የተገዙ ወይም በስጦታ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ልጅ እጅግ በሚፈልጋቸው በዚያ ወራት በሩ በቁልፍ ተዘግቶ፥ መጻሕፍቱ በዝናሙ ርጥበት ሻግተው ይከርማሉ።

ስለ ምን ይዘጋል? ጠባቂው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ እየጠበቅን የምንኖር ሰዎች ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። የመጻሕፍቱ ጠባቂ ንብረቱን በሞዴል ፈርሞ ይረከባል፤ ቈጠራ ሲደረግ አንድ መጽሐፍ ቢጐድል «የት አደረስኸው?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ ዋጋውንም ከትንሹ ደመወዙ ክፈል ሊባል ይችላል። መጽሐፉ ሳይነበብ በመቅረቱ ግን የተጠየቀ ጠባቂ እስከ ዛሬ አላየንም። ስለዚህ ብልኅ የሆነ ጠባቂ ምን ያደርጋል? ይቈልፋል። ቈጣሪውም መጥቶ መጻሕፍቱን አንድም ሳይጐድሉ ያገኛል፥ «ልክ ነው» ብሎም ይፈርማል፤ በልጁ አእምሮ የጐደለውን የሚቈጥርበት ሞዴል ግን አልታተመም። እንዲህ ሆኖ፥ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ሲባል አንባቢ ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነውና አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ትእዛዝ ለመጻፍና ማኅተም ለማድረግ ሥልጣን ያላችሁ፥ በዚህ ላይ ጥቂት እንድታስቡ እንለምናለን። ጠባቂውን «ለምን አታውስም?» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይደለም፤ ፊርማውን የሚያቀልለት ሕግ ሳይሰጡ ለጋስ ሁን ማለት የሰው እጅ አስሮ እንደ ማስጨብጨብ ነው።

በውኑ አንድ የልጆች መጽሐፍ ቢጠፋ ጉዳት ነውን? በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ሪቻርድ አሊንግተንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከድኻ ሰፈር ተማሪ ቤቶች ከ800 በላይ ልጆችን ይዘው፥ ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱ የመረጣቸውን 12 መጻሕፍት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በዕረፍቱ መግቢያ ሰጡት። መጻሕፍቱ ለልጆቹ የተሰጡ ስጦታዎች ናቸው እንጂ የሚመለሱ አልነበሩም። በመጨረሻም እነዚህ ልጆች ካልተሰጣቸው ልጆች በንባብ በልጠው ተገኙ፤ ብልጫውም ልጆችን በዕረፍት ወራት ትምህርት ቤት አስገብቶ ከማስተማር ከሚገኘው ጋራ የሚተካከል ሆነ። በዚያ አገር መጻሕፍቱ ሁሉ እንዲቀሩ ታስቦ ተሰጥተው ትርፍ ከተገኘባቸው፥ በኛ አገር ከመቶ መጻሕፍት ጥቂቶቹ ቢጐድሉ፥ የጐደሉት ባከኑ አይባልም፤ ለትምህርት ወጪ ሆኑ ይባላል እንጂ። ጠመኔ አልቆ ሲጣል «ጠፋ» ብሎ ጠባቂውን የሚከስ የለምና።

ስለዚህ ተማሪ ቤትና ቤተ መጻሕፍት በክረምት ተባብረው እንዲሠሩ እንዲህ ቢደረግ መልካም ይመስለናል። አስቀድሞ፥ በሰኔ ወር፥ የፈተናው ውጤት ከመሰጠቱ በፊት፥ አስተማሪው ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ስም ጽፎ፥ እያንዳንዱ ልጅ የትኛውን መጽሐፍ ማንበብ እንደሚችል ለይቶ ለቤተ መጻሕፍት ጠባቂው ይስጥ። ሕፃኑን የሚያውቀው አስተማሪው ነው፤ መጽሐፉን የሚያውቀው ጠባቂው ነው፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ ግን ልጁ ወይ ከዐቅሙ በላይ የሆነ መጽሐፍ ይዞ ይሰለቻል፥ ወይም ከዐቅሙ በታች የሆነውን ይዞ ይንቀዋል። በአማርኛ ለሚማረው የአማርኛ፥ በኦሮምኛ ለሚማረው የኦሮምኛ መጽሐፍ ይታሰብለት። ከቀረቡለትም መጻሕፍት ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ የመረጠውን ይወደዋልና።

ሁለተኛ፥ ወላጆች የልጃቸውን የምስክር ወረቀት ሊቀበሉ በሚመጡበት ቀን መጻሕፍቱን ፈርመው ይውሰዱ። በዚያ ቀን ሁሉም ይመጣልና ሌላ ጥሪ አያስፈልግም። ሦስተኛ፥ በክረምቱ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ቀን ብቻ የመጻሕፍቱ ክፍል ይከፈት፤ ያነበበው ይመልስ፥ ሌላም ይውሰድ። ተማሪ ቤቱ መከፈት ባይችል፥ አንድ ሁለት ሣጥን መጻሕፍት ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት ወይም በየጋራ መኖሪያው ላለው የጋራ መገልገያ ቤት በውሰት ይሰጥ። በዚያ ሰፈር ለዕረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ ሣጥኑን ለመጠበቅና ለትንንሾቹ ለማንበብ ከነርሱ የተሻለ አይገኝም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ትእዛዝ ይስጥ። በክረምት ለልጆች ከተዋሱት መጻሕፍት የተወሰነው ያህል፥ ለምሳሌ ከ100 እስከ 10 ድረስ፥ ቢጐድል ወይም ቢበላሽ፥ በኮሚቴ ታይቶ በቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንዲሠረዝና ጠባቂው እንዳይጠየቅበት ይታዘዝ። ይልቁንም በመስከረም «ስንት መጽሐፍ ጐደለ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ስንት መጽሐፍ ተነበበ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ብዙ ያስነበበውም ጠባቂ ይመስገን። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፥ ብዙ በጀትም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ደብዳቤና አንድ ማኅተም ነው።

እንዲህ ያለው ትብብር በሌላ አገር የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1999 ጀምሮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልጆችን በረጅሙ ዕረፍት ስድስት መጻሕፍት እንዲያነቡ ይጋብዛሉ፤ ተማሪ ቤቶቹም ከመዘጋታቸው በፊት ለልጆቹ ይነግራሉ፤ ለጨረሰው ልጅም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የኛም ክረምት ለንባብ የታወቀ ወራት ነበር። ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው፤ በዘመቻውም ዓመታት ሁሉ በጠቅላላው በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ም በዩኔስኮ በኩል የዓለም ሽልማት ተገኝቶበታል። አዛውንትን በሐምሌ ፊደል ማስቈጠር የተቻለ አገር፥ ፊደል የቈጠሩ ሕፃናቱን በሐምሌ እንዳይረሱ ማድረግ አያቅተውም።

ትእዛዙ እስኪጻፍ ድረስ ግን ቤተ ሰብ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ከራት በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ቢሆኑም ይስሙት፤ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። ጠያቂ ያለው ልጅ ማንበብ አይሰለቸውምና ከመሃይም እናት ጥያቄ ብዙ ትምህርት ይገኛል። መጽሐፉ ከዝናም እንዲጠበቅ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ከምድጃና ከሕፃን እጅ ርቆ ከፍ ካለ ስፍራ ይቀመጥ። በነሐሴ ልጆች ለቡሄ ጭፈራ ግጥም ሲያጠኑ በወረቀት ጽፈው ያንብቡት፤ ይህም ንባብ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ቀኑ ሳይመሽ ይነበብ። በቤቱ ብዙ መጻሕፍት ያለው ሰው ደግሞ ልጆቹ አንብበው የተዉትን በግቢው ላለው ልጅ ያውሰው፤ ለሠራተኛው ልጅ አሮጌ ልብስ የሚሰጥ ሰው አሮጌ መጽሐፍ መስጠት አያቅተውም። ይህን የሚያደርግ ባለጸጋ፥ ገንዘቡ ሳይጐድልበት፥ ለአገሩ አንድ አንባቢ ይጨምራል።

የዝናሙን ወራት ብዙዎች እንደ ባከነ ጊዜ ያዩታል። ገበሬው ግን እንዲህ አያየውም፤ የዓመቱን እንጀራ የሚያገኘው በክረምት ከዘራው ነውና። ልጅም በዝናም ምክንያት ከቤት የሚውልበት ይህ ወራት ለመጽሐፍ ከወራት ሁሉ የተመቸ ነው፤ የጐደለው መጽሐፉ ብቻ ነው። የሰኔ ወር ሳይወጣ ያ ደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም ቢያርፍበት፥ በመስከረም አስተማሪዎቹ ያለፈውን ከመድገም ይልቅ አዲሱን ገጽ ይገልጣሉ።